ምንም ያልተሠራበት ደሴት፦ ለሰመር ጉዞ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአትላንታና በአካባቢዋ የሰመር ጉዞ ለምታዘጋጁ የዕድርና የማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም እናት አባታችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ አብራችሁ ለምትኖሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ወደ ከምበርላንድ ደሴት ስለሚደረግ ጉዞ

እንደምን ከረማችሁ።

በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ በየስልካችን አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ዘንድሮ ለሰመር የት እንሂድ?» መልሱም ከዓመት ዓመት ያው ነው። የፍሎሪዳዎቹ ፓናማ ሲቲና ዴስቲን፣ ወይም የእኛው የጆርጂያ ታይቢ። ሆቴል ይያዛል፣ ግሪል ይጫናል፣ ስፒከር ይጫናል። እኔም ከልጆቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ተደስቼም ተመልሻለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ስም እንድትጨምሩልኝ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ከምበርላንድ ደሴት።

ሩቅ አይደለም። እኛው የምንኖርበት ጆርጂያ ውስጥ ነው። ግዛቱ አልቆ ፍሎሪዳ ሊጀምር ሲል፣ ሴንት ሜሪስ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ከዚያ በጀልባ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ጠዋት ተሻግራችሁ፣ ውላችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ።

ሂዱ እላችኋለሁ። እንደ ለመድነው ግን አትሂዱ እላችኋለሁ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ የሌለውን ልናገር። ወደ ደሴቱ የሚወስድ ድልድይ የለም። ሱቅ የለም። ምግብ ቤት የለም። የቆሻሻ መጣያ እንኳ የለም፤ ይዛችሁት የገባችሁትን ይዛችሁት ትወጣላችሁ። የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ቤት በጥቂት ቦታዎች ብቻ ታገኛላችሁ። አንድ ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያና ጥቂት የግል ቤቶች በዛፍ ተከልለው አሉ፤ ውሎ ለሚመለስ ሰው ግን እንደሌሉ ናቸው። ያለው 28 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ባዶ የባሕር ዳርቻ ነው። አሸዋ፣ ማዕበል፣ ወፍ፣ ፈረስ። በቃ።

ይህ ባዶነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1968 ቻርልስ ፍሬዘር የሚባል ባለሀብት ከደሴቱ አንድ አምስተኛ የሚያህለውን መሬት ገዝቶ ነበር። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሂልተን ሄድ ደሴት ላይ ሲ ፓይንስ የተባለውን ትልቅ መዝናኛ ያቋቋመው ሰው ነው። ከምበርላንድንም እንደዚያው ሊያደርግ ነበር ያሰበው። ተቃውሞ ተነሣበት። የደሴቱን አብዛኛውን መሬት ለብዙ ዘመን ይዘው የኖሩት የካርኔጊ ቤተሰብ ወራሾችም ብዙዎቹ መሬታቸውን ለፓርክ እንዲውል አስተላለፉ። ፍሬዘርም በመጨረሻ ድርሻውን ሸጠ። በ1972 ኮንግረሱ ደሴቱን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ብሎ በሕግ አስከበረው። በኋላም የጎብኚው ቁጥር በቀን 300 ሰው ያህል እንዲሆን ተወሰነ። በቅርብ ዓመታት ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አከራክሯል። እኔ ባይጨመር ደስ ይለኛል።

300 ሰው ማለት ለእኛ ስንት እንደሆነ አስቡት። አንድ መካከለኛ ሠርግ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ ቢሄድ የዚያን ቀን የደሴቱን ሰው አንድ ሦስተኛ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ አካሄድ ለደሴቱ ቀላል ነገር አይደለም። መልካም ብንሆንም ይታያል፣ ብናጠፋም ይታያል።

አጥፍተንም አይቻለሁ።

ባለፈው ሰመር ከአንድ ቡድን ጋር ሄጄ ነበር። የማን ቡድን እንደሆነ አልናገርም። እኔም አንዷ ነበርኩ፤ ጥፋቱም የጋራችን ነው። 46 ሰው ትኬት ተቆረጠለት። ጀልባው የሚነሣው ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነበር፤ በእኛ 3 ሰዓት። ሁሉም ሰው ከ8፡15 በፊት ወደቡ ላይ እንዲገኝ ተነግሯል። አብዛኛው ሰው ግን «ሌሊት ተነድቶ ይደረሳል» ብሎ ከአትላንታ የተነሣው እኩለ ሌሊትን አሳልፎ ነው። መንገዱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሳቫና ጋ መጸዳጃ ቤት ይቆማል፣ ቡና ይገዛል፣ ልጅ ያስመልሰዋል። ጀልባው ሲነሣ ውስጡ የነበርነው 27 ነን።

የጀልባው ሠራተኛ ገመዱን ፈትቶ እየጠቀለለ ሳለ አንድ ቫን መጥቶ ቆመ። ጋቢ የለበሱ አባት ከፊት በር ወረዱ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ትንሽ ፌስታል ይዘዋል። ልጃቸው እየሮጠች እጇን ታወዛውዛለች። ጀልባው ከመሳፈሪያው መድረክ ሁለት ሜትር ርቋል። እሳቸው አልሮጡም፣ እጃቸውንም አላነሡም። ዝም ብለው ቆመው አዩን። እስክንርቅ ድረስ እዚያው ቆመው ነበር። ቀጣዩ ጀልባ ሞልቷል። ስድስት ሰዓት ተነድተው መጥተው፣ ወደቡ ዳር አንድ ወንበር ላይ ውለው፣ ስድስት ሰዓት ተነድተው ተመለሱ።

የቀረው ጥፋት የእኛ የደረስነው ነው። ከሰል ይዘን ሄደን ነበር። ባሕር ዳርቻው ላይ እሳት ማንደድ ክልክል መሆኑን ማንም ቀድሞ አላጣራም። ጥብሱ በአሉሚኒየም ትሪ ቀዝቅዞ ተበላ። ማታ ለመመለስ ተሰልፈን ጀልባ ስንጠብቅ አንዲት የፓርክ ጠባቂ ጥቁር ፌስታል ተሸክማ መጣች። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው ያገኘችው። ውስጡ ትሪ፣ የለስላሳ ጣሳ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ነበር። ድምፅዋን ሳታነሣ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «እማ፣ የኛ ነው እኮ» አለ። በአማርኛ ነው ያለው። እሷ ባትሰማውም እኛ ሁላችን ሰማነው።

ፌስታሉን ተቀብዬ እስከ ሴንት ሜሪስ እግሬ ሥር አድርጌው ተሻገርኩ። ይህን የምጽፈው ማንንም ላሳፍር አይደለም። ያን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እናቴን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የእንጅባራ ሰው ናት። ወደዚህ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆናት። የእኛን ቤት ኑሮ ታውቁታላችሁ። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትቀራለች። መስኮቱ የሚያሳያት የመኪና ማቆሚያውን ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። አንዳንዴ የገበያ አዳራሽ እወስዳታለሁ፤ አትወደውም። «አገሩ ሁሉ መንገድ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ዓርብ ከሰዓት ተነሣን። በሜከን አድርገን ወደ ሳቫና፣ ከዚያ ባሕሩን ይዘን ወደ ደቡብ። ማታ ሴንት ሜሪስ አጠገብ አደርን። ጠዋት ከጀልባው ቀድመን አንድ ሰዓት ያህል ወደቡ ላይ ተቀመጥን። ማንም ሳያጣድፈን ቡናችንን ጠጣን። ያቺ አንዲት ሰዓት ብቻዋን ጉዞውን ሌላ አደረገችው።

እናቴ ለደሴት እንግዳ አይደለችም። ጣናን ታውቃለች። ወጣት ሳለች ከጎረቤቶቿ ጋር ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ተሳልማለች። ሴት የማይገባበትን ክብራን ገብርኤልን ከጀልባ ላይ ሆና እጅ ነሥታለች። በእሷ ልብ ውስጥ ደሴት ማለት ገዳም ማለት ነው። ስለዚህ ከምበርላንድ ደርሰን ከጀልባ እንደወረድን ያደረገችው ነገር አላስገረመኝም። መድረኩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«እማዬ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አልኳት።

«ምን ቸገረሽ» አለችኝ። ትንሽ በእግሯ ሄደች። መዥገርና እሾህ እንዳለ ስነግራት ነው የለበሰችው።

ከመድረኩ እስከ ባሕሩ ግማሽ ማይል ገደማ ነው። መንገዱ በጫካ ውስጥ ያልፋል። ጫካውን ላላየ ሰው በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ግንዱ ወደ ላይ ከማደግ ይልቅ ተጋድሞ፣ ተጠማዞ፣ ቅርንጫፉ መሬት ነክቶ እንደገና ይነሣል። ከቅርንጫፉ ላይ ግራጫ ነገር እንደ ሽማግሌ ጺም ይንጠለጠላል። ከሥሩ ቅጠሉ እንደ እጅ ማራገቢያ የተዘረጋ አጭር ዘንባባ ሞልቶታል። ፀሐይዋ በጥቂቱ ነው የምትገባው። ከወፍ በቀር ድምፅ የለም። መኪና የለም።

እናቴ ቆመች። ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ ቤተ ክርስቲያን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ትልልቅ ዛፍ ሳይቆረጥ የሚገኘው የት ነው? ደብር ዙሪያ ነው። በጎጃም ሜዳ ላይ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ጫካ ካየህ መሐሉ ታቦት አለ። ዛፉን ያቆየው መከበሩ ነው። እሷም ከዚያ ተነሥታ ነው ያሰበችው። እንዲህ ያለ ዛፍ ሳይነካ ከቆየ፣ ያስከበረው ነገር መኖር አለበት።

ደግሞም አለ። በደሴቱ ሰሜን ጫፍ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚህ ደሴት ላይ የጥጥ እርሻ ነበረ፤ የሚያርሱትም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ነፃ ከወጡ በኋላ ጥቂቶቹ ሰሜን ጫፍ ላይ ሰፈር ሠሩ። በ1893 ቤተ ክርስቲያናቸውን አቋቋሙ። አሁን የቆመችው በ1930ዎቹ እንደገና የተሠራችው ናት። ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ በ1996 ሠርጉን በድብቅ የፈጸመው እዚያች ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚህ ነው። እኔ ግን የምትታወቀው በሠሯት ሰዎች ቢሆን ደስ ይለኛል። ከጀልባው መድረክ በጣም ስለምትርቅ በአንድ ቀን በእግር ደርሶ መመለስ አይቻልም። በመኪና የሚደረግ ጉብኝት አለ፤ ለብቻው ቀድሞ ይያዛል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ባጭሩ ነገርኳት። «በየት በኩል ነች?» አለችኝ። በእጄ ጠቆምኳት። ወደዚያ ዞራ አማተበች። ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን።

ጫካው አልቆ የአሸዋ ኮረብታው ይመጣል። በእንጨት መረማመጃ ላይ ታልፉታላችሁ። ከዚያ ባሕሩ ነው። እናቴ ውቅያኖስ አይታ አታውቅም። በአውሮፕላን ሌሊት ተሻግራዋለች እንጂ። ነፋሱ ነጠላዋን ሊወስድባት ሲል በሁለት እጇ ያዘችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሄዳ፣ ጣቷን ነክራ፣ ምላሷ ላይ አደረገችው። ዞር ብላ አየችኝ። «እውነትም ጨው ነው!» አለች። ሰባ ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረችውን ነገር በራሷ ምላስ አረጋገጠች።

ልጆቼ በግራም በቀኝም ሰው የሌለበት ዳርቻ ላይ ሮጡ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ተመለሱ» አላልኩም። ውሃው ላይ ብቻ ነው የተጠነቀቅኩት፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ፈረሱ የመጣው ምሳ ስንበላ ነው።

ከምበርላንድ ላይ ከ100 በላይ ፈረሶች አሉ። ድሮ ሰው አምጥቶ የተዋቸው ፈረሶች ዘር ናቸው። የሚያበላቸው የለም፣ የሚያክማቸው የለም። ያገኙትን ሣር ይግጣሉ፣ ረግረጉ ውስጥ ይገባሉ፣ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። የመጣው ዳማ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው። ከአሸዋው ኮረብታ ወርዶ ከእኛ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ጋማው ተጠላልፏል። ጎድኑ ይቆጠራል።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ፎቶ ያነሣ ነበር። እናቴ ግን የእንጅባራ ልጅ ናት። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጡ ታውቁ የለ? አባቷ ከእነሱ አንዱ ነበር። ፈረስ በእሷ ቤት ከልጅ እኩል ነው ያደገው። ግላስ ይለብሳል፣ ገብስ ይበላል፣ ለበዓል ጋማው ይበጠራል። ብድግ አለች።

«ባለቤቱ የት ነው?»

«ባለቤት የለውም፣ እማዬ።»

«እንዴት የለውም? ፈረስ እኮ ነው።»

አስረዳኋት። ሰማችኝ፤ አልተቀበለችኝም። የድፎውን ቁራሽ አንሥታ ልትሄድ ስትል እጇን ያዝኳት። መመገብ ክልክል ነው። ከ15 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብም ክልክል ነው። «የተራበ እያየሁ?» አለችኝ። ዐይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልስ አልነበረኝም። ስለ እነዚህ ፈረሶች አሜሪካኖቹም ይከራከራሉ። ደሴቱ አይበቃቸውም፣ ይውጡ የሚሉ አሉ። እንዳሉ ይኑሩ የሚሉ አሉ። እኔ ልቤ ከእናቴ ጋር ነው። ግን ሕጉንም አከብራለሁ፤ ምክንያቱም ዳቦ የለመደ ፈረስ ከሰው ቦርሳ አይርቅም፣ ከሰው ያልራቀ ፈረስ ደግሞ አንድ ቀን ልጅ ይረግጣል ወይም ይነክሳል። ያኔ የሚጎዳው ልጁም ፈረሱም ነው።

እናቴ ዳቦውን መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። ፈረሱ እስኪሄድ ድረስ አልተቀመጠችም። «የእኛ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል» አለች ቀስ ብላ። «አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ ይባላል። ይሄ በስሙ የሚጠራበት ጌታ እንኳ የለውም።»

ከሰዓት በኋላ ምንም አላደረግንም። እሷ ተቀምጣ ባሕሩን አየች። እኔ ተኛሁ። ወደ ጀልባው ስንመለስ በጫካው መሐል ክንዴን ይዛ ትሄድ ነበርና ድንገት እንዲህ አለችኝ፦ «እዚህ አገር ከመጣሁ ዛሬ ነው አፈር የረገጥኩት።»

ሁለት ዓመት። እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር አሟልቼላታለሁ ብዬ አስብ ነበር። መድኃኒቷን፣ ሐኪሟን፣ ቴሌቪዥኗን።

ወገኖቼ፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ ቃሏ ነው። በክላርክስተንም፣ በዲኬተርም፣ በስቶን ማውንቴንም ስንት እናትና አባት በአፓርታማ ውስጥ የልጅ ልጅ እየጠበቁ እንደሚውሉ ታውቃላችሁ። ለሰመር ጉዞ ስንነሣ ብዙ ጊዜ እነሱን ቤት እንተዋለን። «ሙቀቱ ይከብዳቸዋል፣ ጫጫታው ያስቸግራቸዋል» እንላለን። ለምንሄድበት ቦታ እውነት ነው። ይህ ደሴት ግን እነሱ የሚያውቁት ዓይነት ቦታ ነው። የአፈር መንገድ፣ ትልቅ ዛፍ፣ ዝምታ፣ ፈረስ። እዚያ እነሱ ናቸው ለልጆቻችን የሚያስረዱት።

እንግዲህ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። አንድ መቶ ሰው በአንድ ቀን አታውጡ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ሆናችሁ በተለያየ ቅዳሜ ሂዱ። ትኬት ቀድሞ ያልቃልና በሳምንታት ቀደም ብላችሁ ያዙ። ለአረጋውያን ቅድሚያ ስጡ። ዓርብ ከሰዓት ተነሥታችሁ እዚያው እደሩ፤ በሌሊት ነድቶ ጀልባ መድረስን በሕግ ከልክሉ። ሰዓቱን ስትናገሩ በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ ለይታችሁ ተናገሩ። ያረፈደ እንደሚቀርም ገና ሲመዘገብ ንገሩት፤ መራር ቢመስልም ያኔ መንገር ይሻላል። የመመለሻውም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ጀልባ ያመለጠው ሰው በራሱ ገንዘብ የግል ጀልባ ማስመጣት አለበት።

የመግቢያ ክፍያው ከጀልባው ዋጋ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ዕድሜያቸው 62 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው አረጋውያን የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ ማውጣት ይችላሉ። የዓመቱ 20 ዶላር፣ የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር ነው። ለእናቴ አውጥቼላታለሁ። ጀልባውን ባይሸፍንም መግቢያውን ይሸፍናል፤ በሌሎች ፓርኮችም ይሠራል።

ምግቡን ቀላል አድርጉት። ትሪና ወጥ ይቅር። እኛ እኮ የመንገድ ስንቅ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ፣ በሶ። በሶ ከውሃ በቀር የሚፈልገው የለም። ጾምም ቢሆን ፍስክም ቢሆን ያው ነው። ፍርፋሪው ትንሽ ነው፤ የሚተርፈው አንድ ኪስ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ባዶ ፌስታል ለየቤተሰቡ ስጡና ሲመለሱ የሞላውን ቁጠሩ። ስፒከሩን መኪና ውስጥ ተዉት። ይህን የምለው ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም፤ እዚያ የሄደው ሁሉ ዝምታውን ፍለጋ ነው የመጣው።

ካልሲ ከፍ ያለ ልበሱ፤ መዥገር አለ። ማታ ልጆቹን ከጉልበታቸው ጀርባና ከብብታቸው ሥር እዩዋቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ትንኙም ይበረታል። ለሽማግሌ ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ይሻላል።

ውሃውን ግን ፍሩ። ዳርቻው ላይ ነፍስ አድን ዋናተኛ የለም። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ልጆቻችንም የሚችሉት በገንዳ ነው። ከዳር ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይለኛ ውሃ አለ፤ ሲያዩት ረጋ ያለ ነው የሚመስለው። እስከ ጉልበት ይብቃ። አንድ ትልቅ ሰው ምንም ሌላ ሥራ ሳይኖረው፣ ስልኩን ትቶ ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ። በየተራ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቹ ንገሯቸው። ከግንቦት ጀምሮ በሰመሩ ሌሊቶች ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ወደ አሸዋው ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። የፓርኩ ሰዎች ጎጆውን በእንጨትና በሽቦ ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ራቁ። ልጆቹ ጉድጓድ ከቆፈሩም ሳይሄዱ ይድፈኑት። ሌሊት የምትወጣ ኤሊ ወይም ከእንቁላል የወጣች ትንሽ ጫጩት እዚያ ውስጥ ወድቃ ልትቀር ትችላለች። ልጄ ይህን ከሰማ በኋላ የራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ቆፍሮ የሄደውን ጉድጓድ ሲደፍን ዋለ።

እኔ ጥቅምት ላይ እመለሳለሁ። ለ18 ሰው እያዘጋጀሁ ነው። የሚጠይቀኝ ኮሚቴ ካለ ያየሁትን ሁሉ ለማካፈል፣ ወደቡ ላይ ቆሜ ስም ለመጥራትም ፈቃደኛ ነኝ። እናቴ በጀልባው የላይኛው ወለል ላይ ቦታ እንዲያዝላት ጠይቃለች። ያ ዳማ ፈረስ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነም በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።

ባለፈው ሰመር ወደቡ ላይ የቀሩትን አባት ልጅ አፈላልጌ አግኝቻታለሁ። መጀመሪያ «ደግሞ እንዳያዝኑብኝ» ብላ አመነታች። ዓርብ ከሰዓት እንደምንነሣ፣ እዚያው እንደምናድር ነገርኳት። ቆይታ መልሳ ደወለች። አባቷ ጋቢ ይሁን ወይስ ጃኬት ብለው ጠይቀዋታል። ጀልባው ላይ ነፋስ አለና ሁለቱንም እንዲይዙ ነግሬያታለሁ። የመጀመሪያው ትኬት በስማቸው ተቆርጧል።

አክባሪያችሁ
እህታችሁ፣ ከክላርክስተን